አጋሰሱ ሣጥን

ስሪዲ ፕሪንተር የሚገዛ ሰው ዓለምን ልለውጥ ብሎ ነው የሚገዛው፤ መጀመሪያ የሚያትመው ግን ለፕሪንተሩ የሚሆን ዕቃ ነው። የክር መስቀያ ያትምለታል፣ የኬብል መያዣ ያትምለታል፣ ሌሊት ሲሠራ እንዳይጨልምበት የመብራት ክንድ ያትምለታል። ይኼ ሲያልቅ ለፕሪንተሩ ዕቃዎች ሌላ ዕቃ ማተም ይጀመራል። እኛ ቤት አሁን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነን። የእህቴ ልጅ የፕላስቲክ ክሩን ከእርጥበት የሚጠብቅበት ባለ ክዳን ሣጥን አለው፤ ለሣጥኑ ደግሞ በግራና በቀኙ ፒንሳና ካቻቢቴ የሚሰካበት የጎን ፓነል አተመለት። ለማስቀመጫው ማስቀመጫ መሆኑ ነው።

«ታዲያ ለእኛ ምን ሠራልን?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ከመፍረድ በፊት ግን የማሽኑን ዘር መቁጠር ይገባል። ክር እያቀለጠ በላይ በላዩ የሚደርበውን ዘዴ የፈለሰፈው አሜሪካዊው ስኮት ክራምፕ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ለትንሽ ልጁ የእንቁራሪት መጫወቻ ልሥራላት ብሎ በሙጫ ማቅለጫ ሽጉጥ ነበር የጀመረው። አያትየው እንግዲህ ለልጅ አስቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን በእንግሊዝ አገር የባዝ ዩኒቨርሲቲው አድሪያን ቦየር ሬፕራፕ የተባለውን ፕሮጀክት ሲጀምር፣ የፈለገው የራሱን ክፍሎች ራሱ የሚያትም ማሽን ነበር። በ2008 ዳርዊን የተባለው ማሽን የራሱን የፕላስቲክ ክፍሎች አትሞ አምሳያውን ወለደ። ዛሬ በየሰዉ ጠረጴዛ ላይ ካሉት ርካሽ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። የእኛው ማሽን ራሱን ሲያገለግል ውሎ ቢያድር አይገርመኝም፤ በአባቱ ወጥቶ ነው።

ክሩ በጥቅል ነው የሚመጣው፤ ለእኛ የሚመጣልን ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ ነው። አንድ ኪሎ ጥቅል፣ ውፍረቱ 1.75 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ቢዘረጋ ከ330 ሜትር ያልፋል። ማሽኑ ይህንን ስቦ ወደ 200 ዲግሪ በጋለ አፍንጫ ያቀልጠውና 0.2 ሚሊ ሜትር በምትሆን ስስ ንጣፍ እየደራረበ ዕቃ ያደርገዋል። በብዛት የሚሠራበት ፒኤልኤ የሚባለው ክር ሲሆን፣ የሚገኘውም ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ነው። ስኳሩ ይቦካና ላክቲክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ እርስ በርሱ ተሳስሮ ፕላስቲክ ይወጣዋል። ላክቲክ አሲድ ማለት እርጎን የሚያኮመጥጠው ነው። ይህን ለእህቴ ያስረዳሁ ቀን ጥቅሉን አንሥታ አሸተተችው።

«በቆሎና እርጎ ከሆነ እርጥበት ቢፈራ ምን ይገርማል?» አለች። «ሻግቶ ነዋ የሚሞተው።»

አይሻግትም። የሚደርስበት ሌላ ነው። ክሩ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣው ውኃ የጋለው አፍንጫ ውስጥ ሲገባ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆናል። ያኔ ማሽኑ ጠሽ ጠሽ ይላል፣ የሚታተመው ዕቃ ፊቱ ይሻክራል፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ክር ይጎተታል። በእርጥበት ብዙ የሰነበተ ጥቅል ደግሞ ገና ማሽኑ ዘንድ ሳይደርስ በእጅ ሲነኩት ቀጭ ይላል።

ደረቅ አገር ያለ ሰው ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ቢከርም ይሆንለት ይሆናል። እኛ የምንኖርባት እንጅባራ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ክረምት ሲገባ ጉም መንገዱን ብቻ ሳይሆን ሳሎኑንም የሚያቋርጥባት ከተማ ናት። ሐምሌ ላይ የታጠበ ካልሲ የሚደርቀው እግር ላይ ነው። ጨው ዕቃው ውስጥ ይረጥባል፣ ክብሪት ይለግማል፣ በር ያብጥና ትከሻ ካልሰጡት አይዘጋም። ዘንገና ሐይቅን ሊያይ የመጣ እንግዳ አንዳንድ ቀን ጉሙን ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል፤ ሐይቁ ከኋላው እንዳለ በእኛ ቃል አምኖ።

የአገሬ ሰው እርጥበትን የሚያውቀው ከድሮ ነው። ጎተራው መሬት እንዳይነካ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እረኛው ጌሳውን ደርቦ ዝናቡን በጀርባው ያሳልፋል። ለዘር የተመረጠ በቆሎ ከነሽፋኑ ምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ነቀዙን ያባርራል፣ ሙቀቱ እርጥበቱን ያወጣል። እህቴም ይህን ይዛ ተከራከረች፤ በቆሎ መሆኑን ራሳችን ነግረናታል፣ እንግዲያው ለምን እሳት በላይ አይሰቀልም? ሐሳቧ እንደሚመስለው የሚያስቅ አይደለም። ፒኤልኤ እርጥበት ሲገባው የሚድነው ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሰዓታት ሲቆይ ነው። ችግሩ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ መለስለስ መጀመሩ ነው፤ ደከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚወጣው የአካባቢያችን ከሰል ደግሞ ቴርሞሜትር አያይም።

ስለዚህ ሣጥን መጣ። ክዳኑ ላስቲክ ያለው፣ በአራት ማዕዘኑ ቀጭ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ሣጥን። ውስጡ ጥቅሎቹ በተርታ ይቆማሉ፤ ከሥራቸው «አይበላም» ተብሎ የተጻፈባቸው የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ይነጠፋሉ። እነዚህን ከረጢቶች የማሰባሰቡ ነገር ራሱን የቻለ ዘመቻ ነበር። ሰፈር ውስጥ አዲስ ጫማ የገዛ ሰው ሁሉ ከሰላምታ በፊት ስለ ካርቶኑ ይጠየቃል። ሲሊካው እርጥበት ሲጠግብ ለዚሁ በተለየች አሮጌ መጥበሻ ላይ ተደርጎ በለስላሳ እሳት ይደርቅና እንደገና ወደ ሥራው ይመለሳል። አንዲት ጎረቤታችን ይህን ሲታመስ አይታ ምን ዓይነት ቆሎ እንደሆነ ጠየቀች፤ መልሱን ሰምታ ልጆቿን ጠርታ ወሰደች። ሣጥኑ ውስጥ የእርጥበት መለኪያም አለ። የእህቴ ልጅ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ እንዴት አደራችሁ ከማለቱ በፊት ቁጥሩን ያያል፤ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሰላምታው ሞቅ ይላል።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። ከዚህ ማሽን ጋር አብሮ የሚኖር የመሣሪያ መንጋ አለ፤ የክሩን ጫፍ የሚቆርጥ ፒንሳ፣ የታተመውን ዕቃ ከሰሌዳው የሚያላቅቅ መፋቂያ፣ የተዘጋ አፍንጫ የሚከፍት ቀጭን መርፌ፣ ትርፍራፊ የሚለቅም ወረንጦ፣ ሙጫ፣ ካሊፐር፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ ካቻቢቴ። ማንኛውም ሰው እንደሚያደርገው እሱም ሣጥን አለኝ ብሎ ሁሉንም ክሩ አጠገብ ከተታቸው። ታዲያ ፒንሳ ባስፈለገ ቁጥር ክዳን ይከፈታል፤ ክዳን በተከፈተ ቁጥር የእንጅባራ አየር ይገባል። ቁልፍ ለማውጣት ይከፈታል፣ ቁልፍ ለመመለስ ይከፈታል፣ ወረንጦው ከጥቅል ሥር ገብቶ ሲፈለግ ደግሞ ተከፍቶ ይቆያል። ሲሊካው ሌሊት የሰበሰበውን ቀን እኛ እንመልስለታለን ማለት ነው። እኔ ራሴ ጥፍር መቁረጫ አጥቼ ፒንሳውን ልዋስ ክዳኑን ሳነሣ፣ «ጋሸ! ኧረ ይዝጉት፣ ኧረ ጉሙ ገባ!» ብሎ ከጓሮ ድረስ እየሮጠ መጥቷል። ሰው ቤት ውስጥ እያለ ጉም ገባ ተብሎ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የጎን ፓነሉ እንግዲህ ቅንጦት ብቻ አይደለም። ክሩ ውስጥ፣ መሣሪያው ውጭ፤ ክዳኑ የሚከፈተው ክር ለመቀየር ብቻ። ይህን ሳስብ በልጁ ላይ የነበረኝ ቅሬታ ግማሹ ለቀቀኝ። ግማሹ አሁንም አለ፤ ማሽኑ ሌሊት ሙሉ ስለሚንጫጫ።

ጎረቤታችን አናጺ ነገሩን ሰምቶ መፍትሔ ይዞ መጣ። «ሁለት ብሎን ብመታለት አላለቀም?» አለ፣ መሰርሰሪያውን እንደያዘ። የእህቴ ልጅ ሣጥኑን በሁለት እጁ አቀፈ። ሰውየው ልክ ነው፤ ማንኛውም ሣጥን ቢሆን ኖሮ ሁለት ብሎን ይበቃዋል። ይህ ሣጥን ግን ሥራው ሁሉ አለመበሳት ነው። አንዲት የብሎን ቀዳዳ ማለት ክረምት ሙሉ የማይዘጋ መስኮት ነው። ፓነሉ ስለዚህ ከክዳኑ በታች ባለው የሣጥኑ ከንፈር ላይ በመንጠቆ ይንጠለጠላል፣ ጀርባው ደግሞ በሁለት ገጽ በሚያጣብቅ ፕላስተር ይያዛል። መንጠቆውም ቢሆን ሲበዛ መወፈር የለበትም፤ ከወፈረ ክዳኑ ገጥሞ አይቀመጥም፣ ክዳኑ ካልገጠመ ደግሞ ሣጥኑ ሣጥን መሆኑ ይቀራል።

አናጺው በዚህ ተረታ፤ በሌላ በኩል ግን ዞረ። «እሺ አይበሳ። ታዲያ ቀርቀሃ ከደጃችን እያለ ፕላስቲክ ምን ያደርጋል?» እዚህ ላይ መልስ ከባድ ነው። ያለንበት የአዊ ደጋ የቀርቀሃ አገር ነው፤ በእንጅባራ መንገድ ዳር የቀርቀሃ ወንበር፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ ተደርድሮ ሲያዩ ሞተር የሚነዳውም አውቶቡስ የሚነዳውም ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን የመሣሪያ መስቀያ አንድ የቀርቀሃ ባለሙያ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ጨርሶ ይሰጥ ነበር፤ ያውም ለመብራት አንድ ሳንቲም ሳይከፍል። የእኛው ልጅ በበኩሉ ካሊፐሩን አንሥቶ የፒንሳውን እጀታ ይለካል፣ የመፋቂያውን አንገት ይለካል፣ እያንዳንዱን በኮምፒውተር ይስላል። የታተመ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከተሳለው ጠበብ ስለሚል ጥቂት ነጥብ ሚሊ ሜትር ይጨምርለታል፣ ያትማል፣ መሣሪያው አልገባም ይላል፣ እንደገና ያትማል። ለፍርድ ብጠራ ለአናጺው እፈርዳለሁ፤ በዋጋም በጊዜም ያሸንፋል። አንድ ነገር ብቻ ለልጁ አስቀርለታለሁ፤ ካቻቢቴው በሌላ ካቻቢቴ ሲቀየር የቀርቀሃው መስቀያ ይጣላል፣ የእሱ ግን አንዲት ቁጥር ተለውጣ እንደገና ይታተማል። ካቻቢቴ ደግሞ እኛ ቤት ዕድሜ የለውም።

ሌላም ጣጣ ነበረ። የፕሪንተሩ ሰሌዳ በአንድ ጎኑ 22 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሣጥኑ ጎን ከዚህ ይረዝማል። ፓነሉ ለሁለት ተከፍሎ፣ ጫፍና ጫፉ ጥርስ ወጥቶለት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ተንሸራትቶ እንዲቆላለፍ ሆነ። አናጺው ይህቺን ጥርስ ሲያይ ፊቱ በራ። «ይቺንማ እኛም እንሠራታለን» አለና፣ ስፋቷ ከሥሯ ጠበብ፣ ከጫፏ ሰፋ እንድትል አርማት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን የሚያየው እንደ ተወዳዳሪ ሳይሆን እንደ ለማጅ ነው።

መብራት ይሄዳል። ይህ የማንም ጥፋት ነው አልልም፤ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ይሄዳል። ማሽኑ የት እንደደረሰ ያስታውስና መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ይሁንና ፕላስቲኩ በመሐል ቀዝቅዞ ስለነበር መጋጠሚያው ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። በቀኝ ያለው ፓነል ላይ እንዲህ ያሉ መስመሮች አሉ። እህቴ በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይቺኛዋ ሊጥ አቡክቼ በሻማ የጋገርሁባት ሌሊት ናት» ትላለች። ሰሌዳው ሲቀዘቅዝ የታተመው ተላቅቆ የተነሣባቸው ሌሊቶችም አሉ፤ እነሱ መስመር አይተዉም፣ የሚተዉት የተጣለ ፕላስቲክ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ካይዘን የተባለውን የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ሠልጥኛለሁ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት በጃፓን የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች ከተሞከረ ወዲህ፣ አምስቱን «ማ»ዎች ያልሰማ ደመወዝተኛ ማግኘት ይከብዳል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ወርክሾፖች ውስጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የመሣሪያ ሰሌዳም የዚሁ ትምህርት ነው፤ የመዶሻው ቅርጽ ተስሎ መዶሻው በላዩ ይሰቀላል፣ የመጋዙ ቅርጽ ተስሎ መጋዙ ይሰቀላል። ፈረንጆችም ቢሆኑ ይህን ከፋብሪካ ውጭ ሠርተውበታል። አሜሪካዊቷ የምግብ ባለሙያ ጁሊያ ቻይልድ ወጥ ቤቷ ውስጥ የየድስቱና የየመጥበሻው ዙሪያ ግድግዳ ላይ ተስሎላት ነበር፤ የሳለላት ባሏ ነው። ወጥ ቤቱ ዛሬ እንዳለ ዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ ይታያል። የእኛ አገር ባሎች ይህን አንብበው ዝም እንደሚሉ አውቃለሁ።

እኔም ለእህቴ ልጅ በዚህ ዕውቀቴ አማካሪ ሆንኩት። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ ይሁንለት አልኩ፤ ዝም ብሎ ቀዳዳ ከሆነ ማንም የፈለገውን ይሰካበታል። ተቀበለኝ። ውጤቱን ሳየው ግን ካይዘን አሠልጣኛችን ያልነገረን አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ድሮ ቤታችን ውስጥ የሚጠየቀው «ፒንሳው የት ነው?» ነበር፤ የዋህ ጥያቄ ነው፣ ሁሉም ይፈልጋል፣ ሁሉም ያጣል፣ በመጨረሻ አልጋ ሥር ይገኛል። አሁን ባዶው ጎድጓዳ የፒንሳውን ቅርጽ እንደያዘ ስለሚጠብቅ ጥያቄው «ፒንሳውን ማን ወሰደው?» ሆኗል። ጠቡ አልቀነሰም፤ ተከሳሽ ብቻ ነው የተገኘለት። ወረንጦው የእህቴ ጉዳይ ነው፣ እሾህ ለማውጣት። ሙጫው የትንሿ ልጅ ነው። መፋቂያው ድስት ላይ ያረረ ሽሮ ሲያነሣ ተይዟል።

የግራው ፓነል ቀድሞ አለቀና የቀኙ ሳይታተም ሥራ ጀመረ። ከባድ ከባዱ ሁሉ ተሰካበት። በመሐሉ ጥቅሎቹ እያለቁ ሣጥኑ ይቀላል፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁ ክዳኑን ከፈት ሲያደርገው ሣጥኑ በግራ ጎኑ ዘፍ አለ። በዚያ ሰዓት አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ቡና ሊጠጡ መጥተው ነበር። እኚህ ሰው ፈረሰኛ ናቸው። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ውስጥ አባታቸውም ነበሩ፤ ጥር 23 ቀን ሲደርስ ዛሬም ፈረሳቸውን አስጊጠው ይወጣሉ። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ ግላሱ እያንዳንዱ የራሱ መስቀያ አለው። የማንም ፓነል ሳይታተም በፊት ጀምሮ ቦታ ቦታቸውን የያዙ ናቸው።

ወለሉ ላይ የተዘረገፈውን አይተው ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ይኼን አጋሰስ ማነው የጫነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ ልጁ።

«ባንድ ወገን ጭነህ ይቆማል ብለህ? ከወዲህ የጫንኸውን ያህል ከወዲያም ትጭናለህ። አቻ ካጣህለት ድንጋይ ታስርበታለህ። ከባድ ከባዱን ደግሞ ከታች፣ ወደ ሆዱ አስጠግተህ። ላይ ከሰቀልኸው እንኳን ሣጥን በቅሎም አይሸከምልህም።»

ልጁ ኮምፒውተሩን ከፍቶ እሳቸው አጠገብ ተቀመጠ። ፒንሳውና ቁልፎቹ ወደ ታች ወረዱ፤ ካሊፐሩና መፋቂያው ወደ ቀኝ ተሻገሩ፤ ላይኛው ረድፍ ለመርፌና ለወረንጦ ተተወ። ፓነሎቹ መሬት የሚነኩበት እግርም ወጣላቸው፤ ጭነቱ ሁሉ በከንፈሩ ላይ እንዳይንጠለጠል። ኢንጂነሪንግ ያጠና ልጅ ነው፤ የክብደት ማዕከል የሚባለውን በቀመር ተፈትኖ አልፏል። ሽማግሌው በበኩላቸው ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን ሥዕል አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ መቀነቻው የታለ? መቀነቻ አያስፈልገውም ሲባሉ አልተዋጠላቸውም። በማግሥቱ የቀኙም የግራውም ፓነል በሣጥኑ ሥር በሚያልፍ ማሠሪያ ተያይዘው አገኘኋቸው፤ ልጁ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፣ ሣጥኑ ግን ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም።

ሁለቱም ጎኖች ካለቁ በኋላ በቀኙ ፓነል ታችኛው ጥግ አንድ ትልቅ መንጠቆ ትርፍ ሆና ቀረች። ለምን እንደታተመች የሚያስታውስ የለም፤ ምናልባት ለመዶሻ ታስቦ ይሆናል። ዝናብ የጣለ ቀን እህቴ ከገበያ ገብታ ጥላዋን ሰቀለችባት። በልኳ የተሠራች ይመስል ልክ ሆነላት። ልጁ መጣ፣ አየ። ከዓለም ሁሉ እርጥበት ተጠብቆ፣ ታሽጎ፣ በሲሊካ ተከቦ በሚኖረው ሣጥን ጎን ጥላው ጠብ ጠብ ይላል። ውስጥ መለኪያው አስራ ስምንት ይላል፤ ውጭ ወለሉ ኩሬ ሆኗል። ተቆጣ፣ ጥላውን አወረደው። እህቴ በማግሥቱ መልሳ ሰቀለችው። እኔም የእኔን ከጎኑ አንጠለጠልኩ፤ በኋላም የሚመጣው እንግዳ ሁሉ በር ላይ ጥላውን እያራገፈ «ሣጥኑ የታለ?» ማለት ጀመረ።

ትናንት ማታ ማሽኑ እንደገና ሲንጫጫ ሰማሁና ምን እየታተመ እንደሆነ ልጠይቅ ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ቀና ያለ ነገር እያደገ ነበር።

«ምንድነው ይኼ?»

«የጠብታ መቀበያ ነው፣ ጋሸ። ከጥላዎቹ ሥር የሚቀመጥ» አለ፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሣ። «ሦስት ጥላ ይበቃል ብለው ያስባሉ ወይስ አራት ላድርገው?»

አራት አድርገው አልኩት፤ ሽማግሌውም ሲመጡ ጥላ ይይዛሉ።